ሊላንድ ትረስኮት በቀኝ እጁ ስለወረወረው ዳይስ

የምስክሩ ስም፦ ቨርጂል ሆልምክቪስት
ዕድሜ፦ 76 ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ የቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦሜትሪ መምህር
አድራሻ፦ ኔቫዳ፣ ሪኖ ከተማ፣ ዊሎው ቤንድ መንገድ፣ የቤት ቁጥር 418
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ማርች 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20
ቃሉን የተቀበለችው፦ መርማሪ ሳጅን ማይተ ኤቼቬሪያ
ጉዳዩ፦ በጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ዳይስ (ባለ ስድስት ገጽ የቁማር ጠጠር) በመለወጥ ተጠርጥሮ ስለተያዘው ሊላንድ ትረስኮት፣ ዕድሜ 77

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው እኔ፣ ማክሰኞ ማርች 12 ቀን ስለሆነው ነገር የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ቃሌን እንደሚከተለው ሰጥቻለሁ። ሳጅኗ በምትጽፍበት ፍጥነት ልክ ቀስ ብዬ ተናግሬያለሁ።

ተጠርጣሪውን ሃያ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በተራራው መንገድ ላይ በረዶ የሚጠርግ መኪና ሾፌር ነበር። ባለቤቱ ኦሌታ እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች። ልጅ የላቸውም። ኦሌታን የመርሳት ሕመም ከያዛት ስድስት ዓመት ሆኗል፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የምትኖረው ፈርንሊ ከተማ ባለ መጦሪያ ቤት ነው። ከእኛ ሰፈር እዚያ ድረስ በመኪና አርባ ደቂቃ ይወስዳል፤ ሊላንድ ሲነዳ ሠላሳ አምስት። ኦሌታ ከሊላንድ በቀር ከማንም እጅ አትበላም። ነርሶቹ ጠዋትና ማታ በኩባያ የሚጠጣ ነገር ያስጎነጯታል፤ ምግብ ወደ አፏ የሚገባው ግን በቀን አንዴ፣ ቀትር ላይ፣ ሊላንድ በማንኪያ ሲያጎርሳት ብቻ ነው። እስከዚህ ሳምንት ድረስ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊላንድ ቀትር ላይ የቀረው ሆስፒታል በተኛባቸው አሥራ አንድ ቀናት ብቻ ነው። በእነዚያ ቀናት ኦሌታ ከክብደቷ ሰባት ፓውንድ ቀንሳለች። ይህን የምናገረው ከጉዳዩ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

እኔ ኮፐር ላንተርን በሚባለው ካዚኖ፣ ማለትም ቁማር ቤት፣ ክራፕስ የተባለውን የዳይስ ጨዋታ ለጀማሪዎች አስተምራለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከ45፣ ጠረጴዛው ለእውነተኛ ጨዋታ ከመከፈቱ በፊት ነው። ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ለድካሜ የምሳ ካርድ ይሰጡኛል። ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። የማስተምረው ማሸነፍን አይደለም፤ ያንን ማንም ሊያስተምር አይችልም። የማስተምረው የእጅን ሥርዓት ነው። ገንዘብህን ለሠራተኛው በእጁ አትስጠው፤ ጨርቁ ላይ አስቀምጥ፣ እሱ ያነሳዋል። ዳይስ በአንድ እጅ ብቻ ይያዛል፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አይዛወርም። ዳይስ የያዘ እጅ ወደ ራስህ አይመለስም፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታችም አይወርድም። ሁለቱም ዳይሶች በጠረጴዛው ወዲያኛ ጫፍ ያለውን ግድግዳ መትተው መመለስ አለባቸው። ሌላው ሲወረውር እጅህን ከጠረጴዛው ላይ አንሳ። መጠጥህን ከጠርዙ በታች ባለው መደርደሪያ አስቀምጥ። ከስድስት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ደግሞ ጠረጴዛው ዘንድ በስሙ አትጥራ፤ ዕድል ያበላሻል ይባላል። ይህ የመጨረሻው የቤቱ ሕግ ሳይሆን የተጫዋቾች ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን የጠራ ሰው የሚያየው ፊት ከቅጣት ይብሳል። የቀሩት ደንቦች በሙሉ የወጡት ለአንድ ዓላማ ነው፤ የጠረጴዛው አለቃና ጣሪያው ላይ ያሉት ካሜራዎች ዳይሶቹን ከዓይናቸው እንዳያጧቸው። ወርዋሪው በመዳፉ ያለውን ነገር ይሰማው አይሰማው እንደሆነ የሚጠይቅ ደንብ የለም።

ባለፈው ሴፕቴምበር ሊላንድን ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ለሁለት ወር ያህል አልታዘዝ አለው፤ ከዚያ መንቀሳቀስ ጀመረ። የሚንቀሳቀሰው እጅ ግን አይሰማውም። ሙቅ ከቀዝቃዛ፣ ባዶ ከሙሉ አይለይም። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ደግሞ ሲደክሙ ይታጠፋሉ፤ አንዴ ከታጠፉ ሌላ እጅ ካልዘረጋቸው በራሳቸው አይዘረጉም።

ኖቬምበር 20 ቀን መንጃ ፈቃዱ እንዲመለስለት ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነበረበት፤ በመኪናዬ የወሰድኩት፣ እስከዚያም ድረስ በየቀኑ ፈርንሊ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሐኪሟ ዓይኑን አስጨፍና መዳፉ ላይ ዕቃ እያስቀመጠች ምን እንደሆነ ትጠይቀው ነበር። ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የወረቀት መያዣ ሽቦ፣ አዝራር። ሁሉንም በትክክል መለሰ። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። የግራ ዓይኑ ቆብ በደንብ አልተከደነም። ሠላሳ አራት ዓመት ፈተና ፈትኛለሁ፤ የሚያጮልቅ ሰው አንገቱን እንዴት እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ሐኪሟ የመዳሰስ ስሜቱ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ጻፈች፤ ሊላንድም ትክክል ነው ብሎ ፈረመ። ወደ መኪናው ስንሄድ “አየኸኝ አይደል?” አለኝ። “አየሁህ” አልኩት። “ታዲያ ስንት ሰጠኸኝ?” “ዜሮ።” ሳቀ። ቁልፉን ከእጄ ወስዶ ፈርንሊ ድረስ ራሱ ነዳ።

ከዲሴምበር ጀምሮ በማስተምርበት ሰዓት እየመጣ እጁን እንዲያለማምድ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ካዚኖው ያገለገሉ ዳይሶችን ከጨዋታ ሲያወጣ በአንድ ገጻቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳባቸዋል፤ የማስተምረው በእነዚህ ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን ሊላንድ ሲለማመድ ጨርቁ ላይ ደም አየሁ። የቀዳዳው ጠርዝ ጣቱን ቆርጦታል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስድ መድማቱ አልቆመም። እሱ አላወቀም። “ሊላንድ፣ እየደማህ ነው” ስለው መጀመሪያ የተመለከተው ግራ እጁን ነው። በዚያው ሳምንት ሁለት ዳይሶች ቤቴ ወስጄ ቀዳዳቸውን በቀይ ሙጫ ሞላሁ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አለሰለስኩት፤ የተበሳው ገጽ ከሌሎቹ አምስት ገጾች እስከማይለይ ድረስ ሦስት ቀን ሠራሁበት። ያን ያህል መድከም አያስፈልግም ነበር። ጠርዙን ብቻ ባለሰልሰው ለሊላንድ ጣት ይበቃው ነበር። የጀመርኩትን ሥራ ከግማሽ መተው ስለማልወድ አሳምሬ ጨረስኩት።

ዛሬ ሳጅኗ በላስቲክ ከረጢት ያለ ዳይስ አሳይታኛለች። ቀዳዳው ያለ አጉሊ መነጽር አይታይም። የእኔ ሥራ መሆኑን አረጋግጫለሁ። የተለወጠ ዳይስ ወደ ጠረጴዛ ማቅረብ በራሱ ወንጀል መሆኑን አውቅ እንደሆነ ጠይቃኝ፣ ለጀማሪዎች በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው እኔ ራሴ መሆኔን መልሻለሁ።

ማክሰኞ ማርች 12 ቀን ሊላንድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ5 መጣ። ፊቱ በርቶ ነበር። ሰኞ ዕለት ከስትሮኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሌታን በቀኝ እጁ አጉርሷት አንድ ማንኪያ እንኳ እንዳልፈሰሰ ነገረኝ። “ዓይኔን ማንኪያው ላይ ተክዬ ነው። ቢሆንም አልፈሰሰም” አለ። በትምህርቱ ሰዓት በቀኝ እጁ አሥራ አራት ጊዜ ወረወረ፤ አሥራ አንዱ ግድግዳውን መታ። 4 ሰዓት ከ45 ላይ መለማመጃዎቹን ስሰበስብ ከሁለቱ የተደፈኑ ዳይሶች አንዱ ጎደለ። ሊላንድ ቀኝ እጁን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር። “እኔ ጋ ነው። መንገድ ላይ ጣቴን ላሠራበት” አለኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ መለማመጃ ዳይስ ይዞ የሄደ ሰው የለም፤ ለማንም ፈቅጄ አላውቅም። ለእሱ ፈቀድኩለት። ከዚያ እጁን ከኪሱ አወጣ። ዳይሱ ኪሱ ውስጥ ቀርቷል ብዬ አሰብኩ። እሱም እንደዚያ አስቧል። እጁን ገልብጬ አላየሁም።

5 ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ተከፈተ። ዳይሶቹን በረጅም ዱላ የሚገፋው ሠራተኛ ሮሜል ቦታውን ያዘ። የጠረጴዛው አለቃ ግሌንዳ ያርቦሮ መካከል ላይ ተቀመጠች። ተጫዋቾቹ ሊላንድና ሄክተር ባካ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። እኔ ከሊላንድ በስተግራ፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቄ ቆሜ እመለከት ነበር። የሊላንድ ልማድ ሃያ ደቂቃ ብቻ ተጫውቶ 5 ሰዓት ከ20 ላይ ወደ ፈርንሊ መነሳት ነው። መጀመሪያ የወረወረው ሄክተር ነው፤ ከተሸነፈ በኋላ 5 ሰዓት ከ8 ላይ ተራው ለሊላንድ ደረሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ በእውነተኛ ጨዋታ ላይ የሚወረውረው በግራ እጁ ነበር።

ሮሜል ሁለት እንዲመርጥ አምስት ዳይሶች ገፋለትና “ዛሬስ ሚስተር ሊላንድ፣ በግራ ነው በቀኝ?” አለው።

“በቀኝ” አለ ሊላንድ።

“ኧረ ባክህ ሽማግሌው!” አለ ሄክተር። “በግራህስ መች ሆነልህና? ግድግዳው ጋ ከደረሰልህ ምሳ በእኔ ነው።”

“ለምሳ ቀጠሮ አለኝ። ባለትዳር ነኝ።”

“እኔም ባለትዳር ነኝ። ለዚህ እኮ ነው እዚህ የምውለው!”

ሁላችንም ሳቅን፤ ግሌንዳም ሳቀች።

ሊላንድ ሁለት ዳይሶች በአውራ ጣቱና በሁለቱ ቀጣይ ጣቶቹ አነሳ፤ እጁን ጨበጠ፤ ወረወረ። ካነሳበት እስከ ወረወረበት ሦስት ሰከንድ ያህል እጁ ተጨብጦ ነበር። በእነዚያ ሦስት ሰከንዶች እጁ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች አልወረደም፣ ግራ እጁንም አልነካም። ከዚያ አስቀድሞ ግን ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህንንም እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ። ሁለት ዳይሶች በረሩ፤ ሁለቱም ግድግዳውን መቱ። ስድስትና አምስት ሆነው ቆሙ፤ ድምሩ አሥራ አንድ በመጀመሪያ ውርወራ አሸናፊ ቁጥር ነው። ሄክተር ጮኸ። ሊላንድ ዘወር ብሎ “ቨርጅ! አየህልኝ?” አለኝ። ዳይሶቹ ከእጁ ሲወጡ አላየሁም፤ በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ከእጁ ወደ ግድግዳው ሄዶ ነበር።

ሮሜል ዳይሶቹን በዱላው ሲስብ ግሌንዳ “አቁም” አለችው። አንዱን አንስታ በብርሃን አየችው። በየቀኑ የሚገቡት ዳይሶች የራሳቸው ቁጥር ታትሞባቸዋል፤ የዚያኛው ቁጥር የዕለቱ አልነበረም። ሮሜል ዱላው ሥር የቀሩትን ቆጥሮ “ሦስት። ከእኛ አንድ ጎድሏል” አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

“ሚስተር ትረስኮት፣ ሁለቱንም እጅዎን ጨርቁ ላይ ያድርጉልኝ” አለች ግሌንዳ።

ሊላንድ አደረገ።

“ይገልብጧቸው።”

ገለበጠ።

“ቀኙን ይክፈቱት።”

“ክፍት ነው እኮ” አለ ሊላንድ።

አልተከፈተም ነበር። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ታጥፈው ነበር። ጥበቃው መጥቶ አንድ በአንድ ዘረጋቸው። ከሥራቸው የቤቱ ዳይስ ወጣ። ከመለማመጃው ጋር ሦስቱም መዳፉ ውስጥ እንደነበሩ፣ ሲወረውር የትኛው እንደወጣና የትኛው እንደቀረ እንዳልተሰማው አምናለሁ። አየሁ ማለት ግን አልችልም። ሊላንድ መዳፉን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አተኩሮ ያየው ነበር። ከዚያ “ግሌንዳ፣ እኔ እኮ ነኝ” አላት።

“አንተ መሆንህን አውቃለሁ ሊላንድ” አለችው። “ካሜራው ግን አያውቅህም።”

ስለ እጁ ልናገር አፌን ስከፍት ሊላንድ አየኝና በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ዝም አልኩ። ይህ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ሰዓቱ 5 ከ19 ነበር። ሊላንድ ጥበቃውን “ልጄ፣ ቀትር ላይ ፈርንሊ መድረስ አለብኝ። ደርሼ ልመለስ፤ ከፈለግህ አብረኸኝ ና” አለው። ጥበቃው ፖሊስ ሳይመጣ የትም መሄድ እንደማይቻል በትሕትና ነገረው። 5 ሰዓት ከ31 ላይ መጦሪያ ቤቱ ደውዬ እንደማይመጣ ነገርኳቸው። ስልኩን ያነሳችው ነርስ “እንሞክራለን እንግዲህ” አለች።

ትናንት ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማረፊያ ቤት ሄጄ በመስታወት በኩል በስልክ አነጋገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ በልታ እንደሆነ ነው። እንዳልበላች ነገርኩት። ከዚያ “ስለ እጄ አንዲት ቃል እንዳታወጣ። መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል” አለኝ።

“ካልተናገርኩ አጭበርባሪ ብለው እስከ ስድስት ዓመት ያስሩሃል” አልኩት።

“ከተናገርክስ?”

“ሐኪሟን እንዳታለልክ ይታወቃል። ፈቃዱ ይሄዳል። ዳኛውም አንዴ በፊርማው የዋሸ ሰው ብሎ ላያምንህ ይችላል።”

“ሁለቱንም አስልተኸዋላ።”

“አስልቼዋለሁ።”

“መልሱ ምን መጣ?”

“በሁለቱም አትደርስላትም” አልኩት።

“ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስታስተምር አንድ ቀን እንኳ ስሌት ቢያመልጥህ ምናለበት፣ ቨርጅ?” አለኝ። ስልኩን ከመስቀሉ በፊት ሲያጎርሳት ለኦሌታ የሚለውን ቃል አስጠናኝ።

እኔ በየቀኑ ልወስደው እችል እንደሆነ ሳጅኗ ጠይቃኛለች። የዓይን ሐኪሜ ከመጪው ጁን በኋላ መንዳት እንደሌለብኝ ነግሮኛል። የሚደበዝዝብኝ የማየው ነገር መሃሉ ነው፤ በሁለት ክንድ ርቀት ያለን እጅ ግን በጎን ዓይኔ በደንብ አያለሁ። ዐቃቤ ሕግ ይህን አንስቶ ምስክርነቴን እንደሚያጣጥል ይገባኛል። ሳይጠይቀኝ በራሴ መናገሬ ይሻላል።

ሊላንድ እንዳልናገር የለመነኝን ሁሉ እነሆ ተናግሬያለሁ። ይጠቅመዋል ብዬ አይደለም። ሐኪሟ የጻፈችው ወረቀት በእጁ ላይ ይመሰክርበታል፤ ካሜራው የተጨበጠ እጅ ያሳያል፤ ዳይሱን አጭበርባሪ እንደሚያሳምረው አድርጌ ያሳመርኩት እኔ ነኝ። የተናገርኩት የሆነው ይህ ስለሆነ ብቻ ነው። ስለ ዳይሱም ሆነ በሐኪሟ ፊት ዝም ስለማለቴ በሕግ የሚደርስብኝ ካለ አልቃወምም።

ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ፈርንሊ ሄጄ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ኦሌታን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠዋት አገኘኋት። የተፈጨ የተርኪ ሥጋ፣ ስኳር ድንችና የተፈጨ ፖም ነበር። ሊላንድ በሚቀመጥበት ወንበር፣ በሚቀመጥበት አቅጣጫ ተቀመጥኩ። ማንኪያውን በቀኝ እጄ ይዤ ያስጠናኝን ቃል፣ “በረዶው ተጠርጓል፣ መንገዱ ክፍት ነው” አልኳት። ቃሉን አወቀችው። ቀና ብላ ከእኔ ኋላ በሩን አየች። ማንኪያውን ወደ ከንፈሯ ሳስጠጋ አፏን ገጠመች። በየአምስት ደቂቃው ቃሉን ደገምኩላት፤ በደገምኩ ቁጥር በሩን ታያለች። 7 ሰዓት ከ10 ላይ ነርሷ ትከሻዬን ነክታ “ይብቃዎት፣ እየጠበቀችው ነው፤ እንዲህ ሲሉ ይብስባታል” አለችኝ። ሳህኑን እንደ ሞላ አነሳችው። ለመጨረሻ ጊዜ ምግብ የቀመሰችው ሰኞ ነው።

ከላይ በአምስት ገጽ የሰፈረው ቃል በሳጅኗ ተነቦልኛል። ሊላንድ ዳይስ የተቀበለበት ሰዓት 5 ከ10 ተብሎ ተጽፎ ስለነበር ወደ 5 ከ8 አሳርሜ ከእርማቱ ጎን ፈርሜያለሁ። ከዚህ ሌላ የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም። የተናገርኩት እውነት ነው፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ በየገጹ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቨርጂል ሆልምክቪስት
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ሳጅን ማይተ ኤቼቬሪያ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ55